«ቫሊዩ ቤዝድ ኬር» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በየስብሰባው ‹ቫሊዩ ቤዝድ ኬር› ይሉናል። ታካሚ ተመልሶ እንዳይገባ አድርጉ፣ የእርካታ ነጥብ ከፍ ይበል ይሉናል። ወንዙን ተሻግራ ቨርጂኒያ የምትሠራ ጓደኛዬ ደግሞ የምትነግረኝ ሌላ ሕግ ነው። ለመሆኑ ዋና ዋና ክፍሎቹ ምንድን ናቸው? በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው? አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ወንድሜ ‹ይሄ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው› ይላል። እውነቱን ነው?»

ምላሽ፦

የጠየቁኝ ሦስት ጥያቄ ነው። ሦስቱንም እመልሳለሁ፤ በቅደም ተከተል ግን አይደለም።

ከስሙ ልጀምር፤ ግማሹን ችግር የሚፈጥረው እሱ ነው። «ቫሊዩ»ን «ዋጋ» ብለን ስንተረጉመው ሰሚው ወዲያው ኪሱን ይዳብሳል። «እሴት» ስንለው ደግሞ የመንግሥት መግለጫ ይመስላል። እኔ «ፋይዳ» እላለሁ። ሰው «ይሄ ሕክምና ምን ፋይዳ አለው?» ሲል የሚጠይቀው በትክክል የሚፈለገውን ነው። ሰውየውን ምን ጠቀመው? ለዚያስ ስንት ወጣ? አሁን አሁን «ፋይዳ» ስል ሁሉም መታወቂያ እየመሰለው ተቸገርኩ እንጂ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ሐሳቡን በዚህ ስም ያስተዋወቁት የሃርቫርዱ ማይክል ፖርተርና ኤልዛቤት ቲስበርግ ናቸው፤ በ2006። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቀመሩ አጭር ነው። ለታካሚው ትርጉም ያለው ውጤት ከላይ ይቀመጣል። ያን ውጤት ለማምጣት ከመነሻው እስከ ማብቂያው የወጣው ወጪ ከታች። ከዚያ ማካፈል ነው። ወጪው ቀንሶ ውጤቱም አብሮ ከወደቀ ፋይዳው አላደገም። አለቃዎ «ወጪ ቀንሱ» ብቻ ብለው ከተነሱ፣ ያወሩት ስለ በጀት ነው።

ክፍሎቹን በተመለከተ፣ ፖርተር በ2013 ከሐኪሙ ቶማስ ሊ ጋር ሆኖ ስድስት ቆጥሯል። ሕክምናውን በበሽታው ዙሪያ በቡድን ማደራጀት፤ የእያንዳንዱን ታካሚ ውጤትና ወጪ መለካት፤ ለሙሉ ሕክምናው በጥቅል መክፈል፤ የተበታተኑ ተቋማትን ማገናኘት፤ ጥሩ የሚሠራ ማዕከል ከአካባቢው አልፎ እንዲያገለግል ማስፋት፤ እና ይህን ሁሉ የሚሸከም የመረጃ ሥርዓት። ስብሰባ ላይ የሚያዩት ስላይድ ምንጩ ይሄ ነው። ስድስቱ ግን እኩል አይደሉም። እኔ እስካየሁት ድረስ፣ መለካቱ ካልተስተካከለ ሌሎቹ አምስቱ ጌጥ ናቸው።

አንድ ታካሚ ላሳይዎት። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገራቸውን ቀይሬያለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። የልብ ድካም አለባቸው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል ገቡ። እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ በመርፌ ውኃው ይወጣላቸዋል፣ በአራተኛው ቀን ወደ ቤት። ሆስፒታሉ፣ ስሙ ይቆየን፣ የሚጠበቅበትን ሁሉ አድርጓል። የመውጫ ወረቀት ተሰጥቷል፤ ራይት ተደርጓል። መድኃኒት ታዟል፤ ራይት። ስለ ጨው ምክር ተሰጥቷል፤ ራይት። ፋይላቸውን ቢያገላብጡት እንከን አያገኙለትም።

ከሦስተኛው መግባት በኋላ አንዲት ሐበሻ ነርስ ደወለችላቸው። ሃያ ደቂቃ አወሩ። ለካ ዐቢይ ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ መድኃኒትም ጭምር። የሚያሸናውን ክኒን የሚውጡት ከዘጠኝ በኋላ ሆነ። ሌሊቱን ሲመላለሱ ያድራሉ። እንቅልፍ ሲያጡ ተዉት። ከጾሙ በፊትስ? እሑድ እሑድ አይወስዱትም ነበር፤ ቅዳሴ መሀል ሽንት እንዳይመጣባቸው። ጨውስ? «ኧረ እኔ ጨው አልበላም» አሉ። በርበሬው ሲዘጋጅ የገባበትን ጨው ማን ቆጠረው? ቤት ውስጥ ሚዛን የለም። የልብ ድካም ያለበት ሰው ጠዋት ጠዋት መመዘን አለበት። በአንድ ቀን 2 ወይም 3 ፓውንድ፣ በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመረ ውኃ እየያዘ ነውና መደወል አለበት። ይሄ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ነበር፤ በእንግሊዝኛ።

መጨረሻ ላይ ነርሷ «እማማ፣ ምን ቢሆንልዎት ነው ተሻለኝ የሚሉት?» አለቻቸው።

«ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስ።»

ይህችን መልስ ይያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጤና ተቋም ሲባል በልማዱ የሚቆጥረው የሠራውን ነው። ስንት ሰው አየን፣ ስንት ቀዶ ሕክምና ሠራን፣ ስንት ክትባት ሰጠን። ሪፖርቱ ያምራል። ታካሚው ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ግን በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚሻለኝ የፈረንጅ አገር አይደለም። አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የፌስቱላ ሆስፒታል። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን በ1959 ኢትዮጵያ መጡ፤ ሆስፒታሉን በ1974 ከፈቱ። ምጥ ለቀናት ሲጎተት ፊኛ ላይ ቀዳዳ ይፈጠራል። ሴቲቱ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ሐኪሙ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። መዘጋቱን ለማረጋገጥ ፊኛው ሰማያዊ ቀለም ባለው ውኃ ይሞላል። ውጭ ያለው የቁስል ጨርቅ ካልቀለመ ተዘግቷል ማለት ነው። በቀዶ ሐኪሙ ዓይን ሥራው ተሳካ።

በሴቲቱ ዓይንስ? ቀዳዳቸው በደንብ ተዘግቶ እያለ አንዳንዶቹ ሲያስሉ፣ ሲነሱ፣ እንስራ ሲያዝሉ አሁንም ያመልጣቸዋል፤ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ አብሮ ተጎድቷልና። ስለዚህ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች «ተዘግቷል» እና «ተዘግቷል፣ ደርቃለችም» የሚሉትን ለይተው ይመዘግባሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጎረቤት ቡና ሲጠራት በመሄድና ባለመሄድ መካከል ያለ ልዩነት ነው። ፖርተር ቀመሩን ከመጻፉ ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ግቢ ውስጥ የገባቸው ሰዎች ነበሩ። ወንድምዎ ይህን ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ፤ ፋይዳ ብለው ላይጠሩት ይችላሉ እንጂ።

ሐምቡርግ ውስጥ ማርቲኒ ክሊኒክ የሚባል አለ። በ2005 የተከፈተ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ብቻ ነው የሚያክሙት። ወንዶቹን ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይጠይቋቸዋል። ሽንትዎን ይይዛሉ? ፓድ ያደርጋሉ? ትዳርዎስ እንዴት ነው? ይህን ለዓመታት ይከታተላሉ። ከዚያ የእያንዳንዱ ቀዶ ሐኪም ውጤት በባልደረቦቹ ፊት ይቀርባል። ውጤቱ የወረደበት ከተሻለው ይማራል። በሰፊው በሚጠቀሰው ንጽጽር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሽንታቸውን ሙሉ በሙሉ የሚይዙት በጀርመን አማካይ 57 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ በማርቲኒ 94 ከመቶ ገደማ ናቸው። ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ የሚመጡት ታካሚዎች ይለያያሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በሕይወት የመቆየቱ ነገር በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነው። የተረፈውን ብቻ ቢቆጥሩ ሁሉም ሆስፒታል አንድ ይመስላል። ልዩነቱ የሚታየው ሰውየውን ራሱን ሲጠይቁት ነው።

ይህን መጠየቅ በየአገሩ ተመሳሳይ ለማድረግ በ2012 አይኮም የሚባል ድርጅት ተቋቁሟል። ለየበሽታው «ቢያንስ እነዚህን ጠይቁ» የሚል መለኪያ ያወጣል። ለልብ ድካምም የታወቀ መጠይቅ አለ፤ የካንሳስ ሲቲ መጠይቅ ይሉታል። 23 ጥያቄ ነው፤ አጠር ያለ ባለ 12ም አለው። ገላ መታጠብ ይከብድዎታል? አንድ ብሎክ መሄድስ? ደረጃ መውጣትስ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። ቅዳሴ ግን የለበትም። ሁለት ሰዓት ከዚያም በላይ መቆም የደረጃ ጥያቄ አይተካውም። መለኪያ ከውጭ ስናመጣ ቃሉን ብቻ መተርጎም አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ መንገዱ። በሽታ አንድ ክፍል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው አያልቅም። የእማማ ነገር የልብ ሐኪሙ ጋ፣ ተኝተው የታከሙበት ክፍል፣ ፋርማሲው፣ ልጃቸው መኪና ውስጥ፣ ወጥ ቤታቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ተበታትኗል። እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ቁራጭ በትክክል ሠርቶ ድምሩ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ሆነም። በበሽታው ዙሪያ መደራጀት ማለት፣ ይህን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ «የእኔ ነው» የሚል አንድ ቡድን መኖሩ ነው። ፌስቱላ ሆስፒታል እዚህም ላይ ቀድሟል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሙሉ በሙሉ ላልዳኑት ደስታ መንደር የሚባል ማገገሚያ አላቸው። በ2007 ደግሞ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ከፈቱ። መንገዱ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ በፊት፣ ገጠር ውስጥ፣ ምጡ ሲጎተት ነውና።

ወጪን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልለፍ። ብዙ ሆስፒታል ታካሚውን ስንት እንደሚያስከፍለው ያውቃል፤ ታካሚው ለራሱ ለሆስፒታሉ ስንት እንደሚያስወጣው ግን አያውቅም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው፤ ሰዓት ይዞ ታካሚውን መከተል። እንበልና የአንዲት ነርስ ወርሃዊ ወጪ 12,000 ብር ነው። በወር 20 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት በትክክል ሥራ ላይ ናት። 7,200 ደቂቃ ማለት ነው። አንዱ ደቂቃ 1 ብር ከ67 ሳንቲም አካባቢ ይመጣል። ለአንድ ታካሚ 15 ደቂቃ ከሰጠች 25 ብር። የሐኪሙን፣ የላብራቶሪውን፣ የካርድ ክፍሉን እንዲሁ ይደምሩ። ሰዓት ይዞ የተከተለ ሰው ሌላም ነገር ያያል። የስኳር ታካሚው ሐኪም ጋ የቆየው አሥር ደቂቃ፣ ወንበር ላይ የጠበቀው አራት ሰዓት። ያ አራት ሰዓትና የአውቶቡሱ ሂሳብ የማንም መዝገብ ውስጥ የለም። ከታካሚው ኪስ ግን ወጥቷል።

አሁን ገንዘቡ ጋ ደረስን። የእርስዎና የጓደኛዎ ልዩነትም እዚህ ነው።

በአሜሪካ የቆየው አከፋፈል በየአገልግሎቱ መክፈል ነው። ብዙ ከሠራህ ብዙ ታገኛለህ። በዚህ አከፋፈል እማማ ተመልሰው በገቡ ቁጥር ሆስፒታሉ ገንዘብ ያገኛል። ያቺ የሃያ ደቂቃ ስልክ ግን ምንም አታስገባም። ማንም ክፉ መሆን አያስፈልገውም፤ ሂሳቡ ራሱ ነው ወደዚያ የሚገፋው።

ከጥቅምት 2012 ጀምሮ ሜዲኬር፣ የአረጋውያኑ የመንግሥት መድን፣ ይህን በቅጣት ለማረም ሞከረ። በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ)፣ በልብ ድካምና በሳንባ ምች ተኝተው የወጡ ታካሚዎች በ30 ቀን ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ተመልሰው ከገቡ ሆስፒታሉ ይቀጣል። የቅጣቱ ጣሪያ ከሜዲኬር ክፍያው በ1 ከመቶ ተጀምሮ 3 ከመቶ ደረሰ። ሌሎች በሽታዎችም ተጨመሩ። የጓደኛዎ ሆስፒታል የሚተዳደረው በዚህ ነው።

ሜሪላንድ ግን ሌላ ዓለም ናት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሆስፒታል ዋጋ የሚተምን የግዛት ኮሚሽን አላት። ሜዲኬርም ሆነ የግል ኢንሹራንስ በዚያው ተመን ይከፍላል። በ2014 ደግሞ ከዚህ አልፋ ጠቅላላ በጀት አመጣች። ሆስፒታሉ ዓመቱ ሳይጀምር «የዘንድሮ ገቢህ ይሄ ነው» ይባላል። አልጋው ሞላም ጎደለም ገቢው እዚያው አካባቢ ነው። እንዲህ ሲሆን ተመልሶ የሚገባ ታካሚ ገቢ መሆኑ ይቀርና ወጪ ይሆናል። ያቺ ስልክም ድንገት ዋጋ ታወጣለች። ሜሪላንድ ከዚያ የፌዴራል የተመላሽ ቅጣት ነፃ ናት፤ የራሷ ፕሮግራም አላት። በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ቆማችሁ ሁለት ሕግ የምትነጋገሩት ለዚህ ነው። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ።

የሜሪላንዱ ሞዴል በጎነት አለው፤ ከአገር አቀፉ አማካይ በላይ የነበረው የተመላሽ ታካሚ መጠን ወርዷል። አደጋም አለው። ገቢው ቁርጥ የሆነለት ሆስፒታል ሰነፍ ቢሆን፣ ወይም አስቸጋሪውን ታካሚ ወደ ሌላ ቢገፋ ማን ያየዋል? የሚያየው ውጤቱን የሚለካ ብቻ ነው። ዞሬ ዞሬ ያው ነገር ላይ ነኝ።

የቅጣቱም ታሪክ ይህንኑ ይናገራል። አንዳንድ ቦታ ታካሚው ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ ተኝቶ ያድራል፤ ስሙ ግን «ክትትል ላይ» ይባላል። በወረቀት አልገባም፤ ስለዚህ አልተመለሰም። የልብ ድካም ታካሚዎች ሞት ጨመረ የሚሉ ጥናቶች ወጡ፤ አልጨመረም የሚሉም ወጡ፤ ክርክሩ ዛሬም አለ። ሌላም ነበር። የድሃ ሰፈር ሆስፒታሎች አብዝተው ተቀጡ። ቤት የሌለውን፣ ቋንቋ የማይችለውን፣ የሚያስታምመው የሌለውን የሚያክም ሆስፒታል ተመላሹ ቢበዛ ምን ይገርማል? ኮንግረስ በ2016 ባወጣው ሕግ፣ ከ2019 በጀት ዓመት ጀምሮ ሆስፒታሎች ተመሳሳይ ድህነት ካለባቸው ጋር ብቻ እንዲወዳደሩ ሆነ። ዘገየ፤ ቢሆንም ጥሩ ነው።

እንግሊዞች ደግሞ በ2004 የቤተሰብ ሐኪሞችን በነጥብ መክፈል ጀመሩ። ግፊት ለካህ፣ ነጥብ። ስኳር መረመርክ፣ ነጥብ። መንግሥት ከጠበቀው በላይ ነጥብ ሰበሰቡ። መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ነገር ተሻሻለ። ቆይቶ ግን ሐኪሙ ታካሚውን ትቶ ኮምፒውተሩን ማየት ያዘ። ስኮትላንድ በ2016 ተወችው። ለራይት ከከፈሉ ራይት ያገኛሉ። የእማማን ፋይል ያስታውሱ፤ እሱም በራይት የተሞላ ነበር።

ሩዋንዳ በ2006 ለጤና ጣቢያዎች በሥራቸው መጠን መክፈል ጀመረች። በጥናት ሲታይ በጤና ተቋም መውለድ በ23 ከመቶ ጨመረ። ትልቅ ነገር ነው። አራቱንም የእርግዝና ክትትል የጨረሱ እናቶች ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ለወሊዱ የሚከፈለው ጠቀም ያለ ነበር። እናቲቱን አራት ጊዜ አመላልሶ ማምጣት ደግሞ በአዋላጇ እጅ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያው በቀላሉ ሊያንቀሳቅሰው የሚችለውን ነው።

ይህን ሁሉ አይቼ የማከብረው ስቶክሆልምን ነው። በ2009 ለዳሌና ለጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ የጥቅል ክፍያ ጀመሩ። አንድ ዋጋ ነው፤ ምርመራው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ የሚገባው ብረት፣ ክትትሉ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ከሕክምናው ጋር የተያያዘ ችግር በሁለት ዓመት ውስጥ ከመጣ፣ ያው ሐኪም ቤት በራሱ ወጪ ያስተካክላል። ልክ እንደ ፍሪጅ ዋስትና። የተሻለ ጤና ባላቸው ታካሚዎች ነው የጀመሩት። የተወሳሰበ ችግርም ወረፋም ቀነሰ። ሰው ይህን ሲሰማ «እኛም በጥቅል እንክፈል!» ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው። ስዊድኖች የጉልበት ቅየራ መዝገብ የጀመሩት በ1975፣ የዳሌውን በ1979 ነው። የትኛው ብረት ከስንት ዓመት በኋላ ይላላል፣ የትኛው ሐኪም ቤት ኢንፌክሽን ይበዛበታል የሚለውን ለሠላሳ ዓመት ከመዘገቡ በኋላ ነው ገንዘቡን የነኩት። መዝገቡ ከሌለ ዋስትናውን ማን ይቆጣጠራል?

«በየአገሩ አንድ ዓይነት ነው?» ላሉት መልሱ እንግዲህ አይደለም ነው። አሜሪካ ገንዘቡን አስቀደመች። ስዊድን መዝገቡን። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2019 በባለሙያዎቹ በኩል ሐሳቡን አሰፋው፤ ፋይዳ የአንድ ታካሚ ብቻ አይደለም፣ ሀብቱ በሕዝቡ መካከል በፍትሕ መከፋፈሉም ይቆጠራል አሉ። እኔ በዚህ እስማማለሁ። ለአንዱ የተዋጣለት ሕክምና ተሰጥቶ አሥሩ በር ላይ ከቀሩ ቀመሩ ጎደሎ ነው።

ለወንድምዎ ልመልስላቸው። ከፊሉን እውነታቸውን ነው። እንደ ስቶክሆልም ያለ መዝገብ፣ ሁሉን የሚያገናኝ ሶፍትዌር፣ በየበሽታው የጥቅል ተመን፣ ይሄ ነገ የሚሆን አይደለም። በ2011 በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም በአብዛኛው የሚከፍለው በየአገልግሎቱ ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ሄዶ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል፣ ያ ወጪ ከመድኑ ሂሳብ ያመልጣል።

ቅንጦት ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ገንዘብ ያለው አገር ፋይዳ ለሌለው ሕክምና ቢከፍል ይከስራል። እኛ ጋ ግን የከፈለው ሰው በሬውን ሸጦ ነው የመጣው።

ደግሞ ለመጀመር ሶፍትዌር አያስፈልግም። የዓይን ሞራን ይውሰዱ። በኢትዮጵያ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው እሱ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ዘመቻ ይደረጋል። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ሰው ያለቅሳል፣ እልል ይባላል። ሪፖርቱም «ይህን ያህል ሰው ተሠራለት» ይላል። ከስድስት ሳምንት በኋላስ ምን ያህል ያያሉ? የዓለም ጤና ድርጅት የቆየ መለኪያ አለው፤ ከተሠራላቸው ቢያንስ 80 ከመቶው 6/18 (ጤናማ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር) ወይም ከዚያ የተሻለ ማየት አለባቸው፣ በጣም ደካማ ውጤት ያላቸው ከ5 ከመቶ ማነስ አለባቸው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የማያ ሰሌዳ፣ ስድስት ሜትር የሚለካ ገመድና ደብተር ነው። ከባዱ ሰዎቹን ተመልሶ ማግኘት ነው። ለዚያ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የማንን ቤት በየት በኩል እንደሚሄዱበት የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ስዊድን ይህን የላትም።

ሕንድ፣ ማዱራይ ያለው አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል በ1976 በ11 አልጋ ነው የተጀመረው። መሥራቹ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ነበሩ። ብዙዎቹ ታካሚዎቻቸው በነፃ ወይም በቅናሽ ነው የሚታከሙት። ሌንሱን ከ1992 ጀምሮ ራሳቸው እያመረቱ ዋጋውን አወረዱት። የሚወራላቸው ስለ ርካሽነታቸው ነው። የማይወራላቸው ደግሞ የእያንዳንዱን ቀዶ ሐኪም ችግሮች መዝግበው መልሰው ለራሱ ማሳየታቸው ነው። በሀብታም አገር የተሠራ አይደለም ይሄ። ለወንድምዎ ይንገሩልኝ።

እርስዎስ በሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይበሉ? አንድ ነገር ይጠይቁ። «ከምንለካቸው ውስጥ ታካሚውን ጠይቀን ያገኘነው የቱ ነው?» የእርካታ መጠይቁን ቢያነሱልዎት አይቀበሉ። እርካታ ሌላ፣ ውጤት ሌላ። ምግቡ ትኩስ ነበር? ነርሷ በአክብሮት አናገረችዎት? ደግ ጥያቄ ነው፤ ታካሚው ዛሬ ደረጃ መውጣት መቻል አለመቻሉን ግን አይነግረንም። ሁለተኛ፣ ወደ ቤት የሚወጣ ሰው ሲያስተምሩ ያሉትን መልሶ እንዲነግርዎት ያድርጉ። «ገባዎት?» አይበሉ። የእኛ ሰው «አዎ፣ ገብቶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሳይገባውም። «ነገ ጠዋት የትኛውን ክኒን፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚወስዱት?» ይበሉ። አስተርጓሚ ደግሞ ውለታ አይደለም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል እንዲያቀርብ በሕግ ይገደዳል። ልጃቸውን አስተርጓሚ አያድርጓት፤ እናት ስለ ሽንቷ ልጇ ፊት አታወራም።

የእማማ ነገር እንዴት ሆነ ይሉኝ ይሆናል። የንስሐ አባታቸው መድኃኒቱን በጠዋት እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። የእሑዱን ክኒን ሰዓት ሐኪማቸው ከቅዳሴ በኋላ አደረገላቸው። ሚዛን ተገዛ። በርበሬ የምታዘጋጅላቸው እህታቸው ጨው እንዳታስገባ ተነገራት፤ ተቆጣች አሉ፣ ግን ተወችው። ቀጣዩን ሦስት ወር ሆስፒታል አልገቡም። ለትንሣኤ አስቀደሱ፤ መቋሚያ ተደግፈው፣ ቆመው።

ነርሷ ይህን ስትመዘግብ ፎርሙ ላይ የሚሆን ሳጥን አጣች። «ሌላ» በሚለው መስመር ላይ ጻፈችው።